የልየው ታንኳ

ጣና ዳር በምትገኘው በደንገል በር መንደር፣ የድሮው የእህል መጋዘን የመንደሩ ሙዚየም ሆኖ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፤ ጡረተኛው መምህር አንዳርጌ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የመንደሩን ታሪክ ሲያርሙ፣ የሰባ ሁለት ዓመቷ ወይዘሮ ዝማም ከፊታቸው ቆመዋል።

ዝማም፦ አልቀመጥም አልኩህ። መጀመሪያ ያችን መስመር አጥፋት።

አንዳርጌ፦ እትዬ ዝማም፣ ከጠዋት ጀምሮ ስጽፍ ነው የዋልኩት፤ ወገቤ ከድቶኛል። እባክዎ ቁጭ ይበሉና እንነጋገር።

ዝማም፦ የእኔ ወገብ ከከዳኝ ሃምሳ ዓመቱ። አጥፋት።

አንዳርጌ፦ የቷን መስመር?

ዝማም፦ ታውቃታለህ። የልጅ ልጄ ግድግዳውን ልትቀባ መጥታ አንብባ ነገረችኝ። «አደጋው የደረሰው በታንኳ ነጂው ቸልተኝነት ነው» ብለሃል አሉ። ከዚያ «ነጂው ማን ነበር እማማ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አያትሽ ነው ልበላት?

አንዳርጌ፦ ስሙን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ለእርስዎ ስል።

ዝማም፦ ስም ስላልጻፍክ መንደሩ የማያውቅ መሰለህ? እዚህ አገር «የሐምሌው ታንኳ» ሲባል ባሌን ልየውን የማያስብ ሰው አለ?

አንዳርጌ፦ ኮሚቴው ታሪክ ጻፍ አለኝ፣ ጻፍኩ። የወደቡን አሠራር፣ የታንኳ ሥራውን፣ የቅዳሜ ገበያውን። አደጋውም የመንደሩ ታሪክ ነው። ብዘለው ሰው ምን ይለኛል?

ዝማም፦ ዝለለው አላልኩም። ደግሞ ወደቡንስ ቢሆን መቼ በደንብ ጻፍከው? «ባላባቱ አሠሩት» ብለሃል አሉ። ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላለሱት እናቴና እህቶቿ ናቸው። ባላባቱ በቅሏቸው ላይ ሆነው ነበር የሚያዩት።

አንዳርጌ፦ እሱን አስተካክላለሁ።

ዝማም፦ እሱማ ቀላል ነው። ከባላባቱ ዘር ዛሬ የሚቆጣህ የለም።

አንዳርጌ፦ እኔ እኮ ከራሴ ፈጥሬ አልጻፍኩም። በጊዜው ከወረዳ የመጣው መርማሪ የጻፈው ወረቀት አለ። «ነጂው ጠጥቶ ስለነበረ» ይላል። እንዲያውም «ጠጥቶ» የሚለውን ትቼ ነው «ቸልተኝነት» ያልኩት። አለሳልሼዋለሁ።

ዝማም፦ አለሳልሰኸዋል! ልየው ሆዱን አሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር የቀመሰው ነገር አልነበረም።

አንዳርጌ፦ እሱን የሚያስረዳ ማስረጃ ቢኖር…

ዝማም፦ አለ እንጂ። ስምንት ሰው ሲሞት አንድ ሰው በሕይወት ወጥቷል። እሱን ጠይቀው።

አንዳርጌ፦ ማንን ልጠይቅ?

ዝማም፦ ምነው? ስሙ ጠፋህ?

አንዳርጌ፦ ልጅ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ።

ዝማም፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ልየው ሃያ ስድስት። እኔ ሃያ ሁለት። ሁላችንም ልጆች ነበርን።

አንዳርጌ፦ ነፋሱ ድንገት ነው የተነሣው። መሐል ሐይቅ ስንደርስ…

ዝማም፦ ድንገት አልነበረም። ውሃው ከማለዳ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ልየው ታንኳውን አስሮ ወደ ቤት ተመለሰ። «ዛሬ አልወጣም» ብሎኝ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ገበያተኞቹም ሸክማቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ታዲያ ማን ነበር መጥቶ በሬን ያንኳኳው?

አንዳርጌ፦ ያውቃሉ ማለት ነው?

ዝማም፦ ቤቱ አንድ ክፍል ነበር። እኔ መደቡ ላይ ልጄን እያጠባሁ ነበርኩ። «አያ ልየው፣ የመምህርነት ፈተናው ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ነው፤ ካመለጠኝ አለቀልኝ» እያልክ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። እግሩ ላይ ወድቀህ ነበር።

አንዳርጌ፦ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር?

ዝማም፦ «በል ተነሣ፣ አንተን ብቻ ላድርስህ» አለህ። አንተን ብቻ ነበር ያለው። ሌሎቹ ከየት እንደመጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንዳርጌ፦ ታንኳውን ሲፈታ አይተው ተመለሱ። «ለእሱ ካልፈራህ ለእኛ ምን ያስፈራሃል?» አሉት። አንዷ እህል፣ አንዷ ዶሮ ይዛለች፤ ሁሉም ችግረኛ ነው። እምቢ ማለት አቃተው። ሰባት ሆነው ገቡ። እኔ ባልሄድ ኖሮ ሁሉም እቤታቸው ነበሩ። ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ዝማም፦ እኔም ለማንም አልነገርኩም።

አንዳርጌ፦ ለምን? ልጆችዎ «የሰካራም ልጅ» ሲባሉ እየሰሙ? ትልቋን ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቀው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ ሲተዉዋት እያዩ? ለምን ዝም አሉ?

ዝማም፦ ለምን ይመስልሃል? የሟቾቹ ወንድሞች ጠመንጃቸውን አንግተው ነበር የሚዞሩት። ልየው ሞቷል፤ ምንም አያደርጉትም። አንተ ግን በሕይወት ነበርክ፤ እናትህም ካንተ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ትንሽ ይብረድላቸው ብዬ ቆየሁ። ዛሬ ነገ ስል አንተ መምህር ሆነህ መጣህ። ሁለቱንም ልጆቼን ፊደል ያስቆጠርካቸው አንተ ነህ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልናገር?

አንዳርጌ፦ ትልቋ እኮ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ስሟን በጠራሁ ቁጥር ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር።

ዝማም፦ መምህሩ ይጠላኛል ትለኝ ነበር።

አንዳርጌ፦ አልጠላኋትም።

ዝማም፦ አውቃለሁ። ግን እሷ አታውቅም።

አንዳርጌ፦ ያ መርማሪ የመጣ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ነበር። «ነጂው ጠጥቶ ነበር ወይ?» አለኝ። አልጠጣም ነበር ብዬ ብመልስለት «ታዲያ ለምን በዚያ ነፋስ ወጣ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ነው የጻፈው።

ዝማም፦ ይህን አላውቅም ነበር።

አንዳርጌ፦ ሌላም የማያውቁት አለ። ይቀመጡ። አሁንስ ይቀመጡልኝ።

ዝማም፦ ይኸው ተቀመጥኩ። ተናገር።

አንዳርጌ፦ ታንኳው ሲገለበጥ ቀድሞ የያዘው ልየው ነበር። ታንኳው ከደንገል ቄጠማ የተሠራ ስለሆነ አይሰምጥም፤ እሱን ይዞ ቢቆይ ይተርፍ ነበር። እኔ ዋና አላውቅም። በሸሚዜ ጎትቶ አወጣኝና ታንኳው ላይ በሆዴ አስተኛኝ። መቀነቱን ፈትቶ ከደንገሉ ጋር አሰረኝ። ከዚያ ከገበያተኞቹ መሐል ወርቄ ስትጮህ ሰማ።

ዝማም፦ ወርቄ ነፍሰ ጡር ነበረች።

አንዳርጌ፦ ወደ እሷ ዋኘ። ይዟት መጣ። እጄን ዘርግቼላት ልትይዘኝ ትንሽ ሲቀራት ማዕበሉ ወሰዳት። ተመልሶ ሄደ። ባዶ እጁን መጣ። ሦስተኛ ሊሄድ ሲል «አያ ልየው፣ ይበቃል!» ብዬ ጮህኩ። ዞሮ አየኝና «አንተ ብቻ ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ዝማም፦ በመቀነቱ ነው ያሰረህ?

አንዳርጌ፦ በመቀነቱ።

ዝማም፦ ሬሳው ሲገኝ መቀነት አልነበረውም። «ሰክሮ በወጉ እንኳ ሳይታጠቅ ነው የወጣው» አሉኝ። እኔ ግን ሲታጠቅ አይቼዋለሁ። የፈተልኩትም እኔ ነኝ። ውሃው ፈትቶት ይሆናል እያልኩ ኖርኩ። የት ደረሰ?

አንዳርጌ፦ እናቴ አቃጠለችው። ሰው እንዳያየው ብላ።

ዝማም፦ ለካ እሷም ታውቅ ነበር። በየበዓሉ ዳቦ ትልክልኝ ነበር፤ ከእኔ ጋር ግን ቁጭ ብላ አታወራም። ምን አድርጌያት ይሆን እል ነበር።

አንዳርጌ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ፈተናውንም በዓመቱ ሐይቁን በእግሬ ዞሬ ሄጄ ነው የተፈተንኩት። ሰው «ምነው በውሃ አትሻገርም?» ሲለኝ «ያዞረኛል» እላለሁ። በቃ እትዬ፣ መስመሯን አጥፍቻታለሁ። ይኸው።

ዝማም፦ ቅድም ቢሆን ይበቃኝ ነበር። አሁን አይበቃም።

አንዳርጌ፦ እሑድ ለመክፈቻው ልጆቼ ይመጣሉ። የልጅ ልጆቼም ይመጣሉ። ያስተማርኳቸው ሁሉ ይመጣሉ።

ዝማም፦ የእኔም ይመጣሉ። አንገታቸውን ደፍተው መምጣት ለምደዋል።

አንዳርጌ፦ ምን ብዬ ልጻፍ?

ዝማም፦ ለእኔ እንደነገርከኝ።

አንዳርጌ፦ «ልየው ነፋሱን አይቶ ላለመውጣት ወስኖ ነበር። ታንኳውን ያወጣውም ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው፣ አንዳርጌ፣ ስለለመነው ነው። ልየው አልጠጣም ነበር።» ይህን ልጆቼ ያነቡታል።

ዝማም፦ ያንብቡት። ጻፍ።

አንዳርጌ፦ «ታንኳው ሲገለበጥ የራሱን ነፍስ ማትረፍ ይችል ነበር። አንዳርጌን አድኖ ሌሎቹን ሊያወጣ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ።» ይህ ይሁን?

ዝማም፦ የወርቄንም ስም ጻፍ። የሁሉንም። ሰባት ሰው ብለህ ብቻ አትለፋቸው።

አንዳርጌ፦ እጽፋለሁ። ግን ቤተሰቦቻቸው ይህን ነገር መጀመሪያ ከግድግዳ ላይ ማንበብ የለባቸውም። ነገ በየቤታቸው ሄጄ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ከወርቄ ወንድም እጀምራለሁ።

ዝማም፦ የእሱ ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም። በልየው መቃብር አጠገብ ባለፈ ቁጥር ይተፋል።

አንዳርጌ፦ አውቃለሁ። ያሻውን ያድርገኝ። እኔም መሸከሙ ደክሞኛል።

ዝማም፦ እንግዲያው ጠዋት መጀመሪያ እኔ ቤት ና። ብቻህን አትገባም፤ ከፊትህ እኔ ነኝ የምገባው።