ከውስጡ የበሰበሰው ዛፍ

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለጥገና የሰጠሁትን ኮት ልቀበል ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ስሄድ፣ ሽማግሌው ዛፍ ቆራጭ በሩ ላይ ተቀምጠው መጋዛቸውን ሲሞርዱ አገኘኋቸው። ሰፈሩ «አባ ምሳር» ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ዛፍ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

የልብስ ሰፊዋ ጓሮ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የስፌት ክፍሏ፣ በሌላው በኩል የጎረቤት ግንብ፣ በመሀከል አንድ ግዙፍ ባሕር ዛፍ። ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ዛፉ ወደ ስፌት ክፍሉ ማዘንበል ስለ ጀመረ ሴትዮዋ እንቅልፍ አጥታለች። እሷ ሽማግሌውን ስትጠራ፣ ጎረቤቷ ደግሞ ሳይነጋገሩ ዛፍ ከላይ እየቆራረጠች በገመድ የምታወርድ ባለሙያ ጠርቷል። ባለሙያዋ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ስትገባ፣ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩና ሞረዱን አስቀመጡ። የሟች ታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነበረች።

«ደህና ዋሉ አጎቴ?»

«ይመስገን። አንቺን ማን ጠራሽ?»

«ጎረቤትየው። እርስዎ እንዳሉ አላወቅሁም።»

«እንግዲህ አወቅሽ። ከታች በሚወድቅበት በኩል በመጋዝ አፍ ከፍቼለት፣ አናቱን በገመድ አስጎትቼ፣ እዚህች ክፍተት ውስጥ አስተኛዋለሁ። ሳይመሽ ያልቃል።»

«ክፍተቷ ጠባብ ናት፤ ዛፉ ትንሽ ከዞረ ክፍሉ ላይ ነው። እኔ ወጥቼ ከአናቱ ልጀምር። እያንዳንዱን ቁራጭ አስቀድመን እናስረውና ቀስ አድርገን እናወርደዋለን።»

«ዛፍ እንደ ሽንኩርት አይከተፍም ልጄ። እኔና አባትሽ ይህን ሥራ ስንጀምር አንቺ አልተወለድሽም።»

«አባቴ የሞተውም ይህንኑ ሲሠራ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች። ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንድማማቾቹ እንዲህ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ታላቅየው መጋዙን ታናሽየው ገመዱን ይዘው ሳለ፣ ዛፉ ከታሰበለት ዞሮ ታናሽየውን ከግንብ ጋር አጣበቀው።

«ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ቀኑ የደረሰ ሰው አልጋው ላይም ይሞታል። እናትሽንም ያጽናናኋት በዚሁ ነው።»

ይህ አነጋገር በእኛ ዘንድ ብዙ ለቅሶ ያበርዳል፤ ብዙ ጥፋትም ይሸፍናል። ሐዘንተኛውን የሚያስተኛ ቃል ሠራተኛውንም ካስተኛው፣ ነገ ሌላ ሐዘንተኛ መምጣቱ አይቀርም።

ልጅቱ መዶሻ አነሣችና ግንዱን ዙሪያውን መታ መታ አደረገችው። በግንቡ በኩል ድምፁ ድፍን ነበር። በስፌት ክፍሉ በኩል እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ሰሙት?»

«ሰማሁ።»

«ውስጡ በስብሷል። ዛፍ ሲወድቅ እንደ በር ማጠፊያ የሚመራው፣ ሳንቆርጥ የምንተወው እንጨት ነው። እሱ ከበሰበሰ ዛፉ ወደ ፈቀደው ይሄዳል፤ ገመድ የያዘ ሰው አይመልሰውም። እኔም ልወጣበት ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን አልወጣበትም። ከመንገድ በኩል መኪና በቅርጫት ያነሣኛል፤ ቁራጩን ክሬን ይዞ ያወርደዋል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«ያኛውስ?» አሉ።

«የቱ?»

«አባትሽን የገደለው።»

«ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ጉቶውን አይቼዋለሁ። መሀሉ እንደ ዱቄት ነበር።»

«እንዲህ ብንመታው ኖሮ እናውቅ ነበር?»

«እናውቅ ነበር፣ አጎቴ።»

ባሉበት ቁጭ አሉ። «መጋዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የተኛሁት ቀኑ ነው እያልኩ ነው። አንቺን ካመንኩሽ በምን ልተኛ?»

«እንቅልፍ ልሰጥዎ አልችልም። እኔም የለኝም። እኚህን ሴትዮ ግን ከክፍላቸው እናስወጣቸው።»

በማግስቱ መኪናውና ክሬኑ መጡ፤ ለጥንቃቄ መብራት ተቋረጠ፤ የሁለቱም ቤት ሰዎች ወጡ፤ ሽማግሌው የራስ ቁር አድርገው በር ላይ ቆሙና ማንንም አላስገባ አሉ። ዛፉ ከአናቱ ጀምሮ እየተቆረጠ፣ እንደ ታቀፈ ሕፃን በቀስታ መሬት ላይ አረፈ። ከጣራው አንድ ቆርቆሮ አልታጠፈም። ልብስ ሰፊዋ ምርቃቷን ስታዘንብ፣ ሽማግሌው ጉቶው አጠገብ ተንበርክከው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ባዶው ውስጥ ከተቱት። ሲያወጡት ከክንዳቸው ላይ ብናኙን አላራገፉትም።

«እናትሽን ምን ልበላት?»

«እውነቱን። እሷ ታውቀዋለች፤ የምትጠብቀው ከእርስዎ አፍ ነው።»

ወደ ወንድማቸው ሚስት ቤት ሄዱ። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም፤ ከዚያ ቤት ሲወጡ ግን ግድግዳ እየተደገፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባ ምሳር ዛፍ ቆራጭ ባዩበት ሁሉ ይቆማሉ። «መጀመሪያ ግንዱን አንኳኩ» ይላሉ። «ቤት መሀል ያለውን ከላይ እየቆረጣችሁ አውርዱት፤ ጤነኛ ካልሆነ አትውጡበት። ግንብ አይፈርስም፣ ጣራ አይቀደድም፣ ጎረቤት አይጣላም። ገመድ የያዘላችሁም ሰው ማታ ቤቱ ይገባል።» ብዙዎቹ ይሰሟቸዋል። አንዳንዱ ግን ፊታቸውን አይቶ ሊያጽናናቸው ይሞክራል፤ «ምን ያደርጉታል፣ የወንድምዎ ቀን ደርሶ ነው» ይላቸዋል።

«አልደረሰም ነበር» ይላሉ ሽማግሌው፤ መንገዳቸውንም ይቀጥላሉ።