ጀርባውን ገልብጠው የሚያዩ

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብዬ ስጀምር ሻጫችን ሐመልማል ከወዲያ ሆና እንደምትስቅብኝ አውቄዋለሁ። አምስት ሰው እንኳ በማንሞላበት ሱቅ «ክቡራትና ክቡራን»! ግን ዛሬ ጎረቤቶቻችንም መጥታችኋል፣ ወንበርም ተውሰናል፤ እንግዲህ አንድ ቀን ክቡራን ብንባል ምን አለበት?

ይህን ሁሉ ላዘጋጁልኝ ለእትዬ ሙሉእመቤት፣ የመቁረጫ ጠረጴዛቸውን ለምግብ ለለቀቁልን ለልብስ ሰፊያችን ለጋሽ መሸሻ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ወጥ ከፈሰሰበት ጥፋቱ የእኔ ነው። ከነገ ጀምሮ ግን እዚህ ስለማልኖር ማንን እንደሚቆጡ እንጃ።

ለማታውቁኝ፣ ቦንቱ እባላለሁ። ያደግኩት ከዚህ ከፍ ብሎ ቁስቋም ነው። በጂኦግራፊ ተመርቄ፣ ብዙ በር አንኳኩቼ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ሽሮ ሜዳ እትዬ ሙሉእመቤት የሐበሻ ልብስ ሱቅ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በቴሌግራም ለሚጽፉ ደንበኞች መልስ መስጠት ነበር። «አለ»፣ «አልቋል»፣ «ከታክሲ ማዞሪያው አለፍ ብሎ ያገኙናል»። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ታዲያ ምን ሆኜ ነው የምሰናበታችሁ? የራሴን ሥራ ልጀምር ነው። ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ የሐበሻ ልብስ የሚመርጥበት፣ የሚጠይቅበት፣ የሚያዝበት አፕ። ያውም ብቻዬን።

ይህን ለጋሽ መሸሻ የነገርኳቸው ቀን መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ብቻሽን ማለት?»

«ሥራ አስኪያጇም ሠራተኛዋም እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እና ስታረፍጂ ማን ይቆጣሻል?»



ግን እስቲ አስቡት። ከጥቂት ዓመት በፊት እንደኔ ያለች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ብታስብ ኮድ የሚጽፍ፣ መልኩን የሚስል፣ ለደንበኛ የሚመልስ ሰው መፈለግ ነበረባት። አሁን ለኤአዩ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ማለቴ ነው፣ በተራ አነጋገር የምፈልገውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፈዋል። ተበላሸ ስለው ይቅርታ ጠይቆ ያስተካክላል። ከአንዳንድ ሰው ይልቅ ይቅርታ ያውቃል! የማያውቀው «አላውቅም» ማለት ነው። ጋሽ መሸሻ አንድ ቀን «የፈትል ቀሚስ ሲታጠብ ስንት ያጥራል?» ብለው አስጠየቁኝ። ወዲያው ቁጥር ሰጠ። ጋሼም፣ «የማን እጅ የሸመነው? ይህን ሳይጠይቀኝ?» ብለው ወደ መቀሳቸው ተመለሱ።

መሳቅ ይቻላል። እኔም ስቄ ነበር፣ እስከ ጥምቀት ሰሞን ድረስ።

ባለፈው ዓመት አፑን መጀመሪያ የሞከርነው በዚህ በራሳችን ሱቅ ነው። ኤአዩን፣ «ደንበኛ እመጣለሁ ካለህ ልብሱን ያዝለት» ብዬ አዘዝኩት። ጎበዝ ነው፣ ያዘ። ጥምቀት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው መደርደሪያው ላይ ሠላሳ አንድ ቀሚስ «ተይዟል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ለጣፊዋ እኔ ነኝ። በር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ «ይቺን አውርዱልኝ» ይላል።

ሐመልማል መጣች። «ቦንቱዬ፣ ይቺን ቀሚስ ማን ነው የያዛት?»

«ዞሬ እመጣለሁ ያሉ ደንበኛ ናቸው።»

«ይቺንስ?»

«እሳቸውም ዞሬ እመጣለሁ ብለዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንቺ ልጅ! እነዚህ ሰዎች እኮ አይመጡም!»

«እንዴት አይመጡም? ብለዋል እኮ!»

«ስላሉ ነዋ የማይመጡት!»

እናንተ አሁን ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ያን ቀን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። ደግሞ የሚገርመው፣ ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ስንት ሱቅ ውስጥ «ዞሬ እመጣለሁ» ብዬ ወጥቼ ተመልሼ የማላውቅ ሰው፣ እንዴት አምኜ ለጠፍኩ? ስልክ ላይ ተጽፎ ሳየው ሌላ ነገር መሰለኝ። ጽሑፍ ሲሆን ቃል የተገባልን መሰለኝ።

እትዬ ሙሉእመቤት አላባረሩኝም። «ይሄን ማሽን ከማስተማርሽ በፊት አንቺ ተማሪ» ብለው አንድ ወር ሐመልማል አጠገብ አስቆሙኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንደዚያች ወር ግን ደብተር ሞልቼ አላውቅም።

በዚያ ወር አንዲት አሮጊት ገቡ፣ እማማ ቦሰና። አንድ ነጠላ አይተው፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ዞሬ እመጣለሁ ልጆቼ» ብለው ወጡ። እኔ ተምሬ የለ! «አይመጡም» ብዬ ነጠላውን ልሰቅል ስል ሐመልማል ከእጄ ወሰደችው። አጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን እማማ ቦሰና ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፣ ወሰዱት።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ጥለቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። የማይገዛ ሰው ጀርባውን ምን ያደርግለታል?»

ክቡራትና ክቡራን፣ እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ስልክ ላይ ጀርባው የት አለ? ማንም አያሳይም! ፎቶው ሁሉ ፊቱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ጀርባውን አሳየኝ» የሚል ቁልፍ ጨመርኩ። ያን ቁልፍ የሚነካ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይገዛል። ደንበኛውም የክሩን አያያዝ ያያል፣ እኛም ለማን እንደምንይዝ እናውቃለን። ጎረቤት ሱቆች «ለእኛም አድርጊልን» ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። ልቤ የተነሳውም ያኔ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። መሄዴን ስናገር ሐመልማል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «እኔ በዓይኔ ያገኘሁትን ለጎረቤት ልትሰጪብኝ ነው?» ከዚያ ሁለት ሳምንት ምሳዋን ለብቻዋ በላች። እትዬ ሙሉእመቤትን ብጠይቃቸው፣ «በእኔ በኩል ተፈቅዶልሻል፤ ነገሩ ግን የእሷ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አፑን በሦስት ሳምንት ሠራሁት ብዬ እፎክራለሁ፤ ሌላውም ሰው በሦስት ሳምንት ይሠራዋል። መሣሪያው ለሁላችንም አንድ ነው። ያ ቁልፍ ከሌለ የእኔ አፕ ከማን ይለያል? ከማንም። ብቻዬን የምለው ነገር ውስጥ ስንት ሰው አለ? ከዚህ በፊት ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሐመልማል ነጠላ ስታጥፍ አጠገቧ ቆምኩ። «ቁልፉን አውጥቼዋለሁ» አልኳት። «ካልፈቀድሽ አይገባም።»

ቀና አላለችም። «ከምርሽ አውጥተሽዋል?»

«አዎ።»

«ሞኝ። መልሺው።» አንድ ነጠላ አጠፈች። «እኔኮ ያንን ከነገርኩሽ ወዲህ ሌላ ሦስት የገዢ መለያ አግኝቻለሁ።»

«ምን ምን?»

«አልነግርሽም። የራስሽን ሥራ ከፍተሽ የለ፣ ፈልጊያ!»

ከማክሰኞ ጀምሮ ወደ ሱቁ የገባውን ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ሳይ ሰንብቻለሁ። እጁን ነው? ቦርሳውን ነው? አብሮት የመጣውን ሰው ነው? እናቴ ጨርቅ ቤት ገብታ በኦሮምኛ ስታጉረመርምስ፣ ያ ምን ማለት ነው? ሲጨንቀኝ ኤአዩን ጠየቅሁት፤ ሰባት ግምት ሰጠኝ። ትናንት ለሐመልማል አንድ በአንድ አነበብኩላት። አንደኛው ላይ ሳቀች። ሦስተኛው ላይ ወንበር ይዛ ሳቀች።

ስድስተኛው ላይ አልሳቀችም።

አየኋት። እሷም እንዳየኋት አይታ፣ «ቀጥዪ» አለችኝ። ገምቶ ነው ያገኘው? ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው? ወይስ ሐመልማል እኔን ለማሳሳት ነው ያልሳቀችው? እሱን ነው ላውቅ የምሄደው።

እትዬ ሙሉእመቤት፣ ደጅዎ ሰው አይጣ፤ አምነው እንዳቆሙኝ እርስዎንም የሚያምን አይጥፋ። ጋሽ መሸሻ፣ እጅዎን አይድከመው፣ ዓይንዎን ያብራልን። ሐመልማል እህቴ፣ የልብሽን ይስጥሽ፤ ከኔም ከማሽኑም ቀድመሽ ኑሪ። ጎረቤቶቻችን፣ ሱቃችሁ በሰላም ይከፈት፣ በሰላም ይዘጋ። ለሁላችንም መጪው ጊዜ የምንፈራው ሳይሆን የምንጠይቀው ይሁንልን።

አሜን በሉኝ፣ ልሂድ።