ከአባቴ ጋር የታረቀችው አውሮፕላን

በእኛ ጊዜማ ሙሽራ የምትሄደው በበቅሎ ነበር። በበቅሎ! ሳቂ፣ ሔለን፣ ሳቂ፤ አንቺ እዚህ አሜሪካ ከሜፕልዉድ እስከ መገበያያው ሞል ድረስ እንኳ በእግርሽ አትሄጂም። ታዲያ እኔ የጎሬዋ ልጅ በምን ሄድኩ? በአውሮፕላን! ያውም ድሮ በጦርነት ጊዜ ቦምብ ስትጥል በኖረች አውሮፕላን። እና ቅዳሜ ዕለት ይቺ የልጅ ልጄ ድራይቭ አድርጋ አሮጌ አውሮፕላኖች የሚታዩበት ሀንጋር ስትወስደኝ፣ ያቺን የመሰለች ቆማ ሳይ "ይቺን አውቃታለሁ!" ብዬ የጮህኩት ለዚህ ነው። እሷ ደንግጣ "እማማ፣ አር ዩ ኦኬ?" ትለኛለች። ኦኬ ነኝ፤ ሠርጌን አይቼ ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ባለቤቴ ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያኔ አዲስ አበባ ከአውሮፕላን ሰዎች ጋር ነው የሚሠራው፤ ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ፈረንጆቹን እየሰማ ቋንቋቸውን ለቃቅሟል። ጎሬ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ጫካው፣ ወንዙ፣ ጭቃው፣ አይጠየቅ። ታዲያ አሠሪው "ጎሬ ሄዳ ቡና የምትጭን አውሮፕላን አለች፤ ሚዜዎችህን ይዘህ ሂድ፣ ሙሽራህን ይዘህ ና" አለው። የሠርግ ስጦታው መሆኑ ነው።

አውሮፕላኗስ? ከጦርነቱ በኋላ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጌታ እንዳጣ ጋሪ በየሜዳው ተጥሎ ነበር አሉ። ነጋዴዎች ገዙና መትረየሷን ነቀሉ፣ ቦምብ የሚንጠለጠልበትን ብረት አወጡ፣ ሆዷ ላይ ያለውን በር በቆርቆሮ ደፍነው በምስማር መቱት፣ ጎኗን ቀደው መስኮት አወጡላት፣ ወንበር ደረደሩባት፣ ነጭ ቀለም ቀቧት። ይኸው መንገደኛ ሆነች። ትናንት ወታደር፣ ዛሬ ካባ ለብሶ ሚዜ፣ አይደል? እኛ ግን ይህን አናውቅም፤ ለእኛ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው።

ታዲያ ሠርገኛው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ፣ ጨፈረ፤ እና አገሩ በሙሉ ሊሸኘኝ ሜዳው ድረስ ወጣ። የእኛ ቤት ወግ ደግሞ አባት የሚመርቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጅቱ ልትቀመጥ እግሯን ስታነሳ። በበቅሎም ቢሆን እንደዚያው ነው። እና አባቴ ልመርቅ ብሎ ቀረበ። አባቴን ልንገራችሁ፤ በጣልያን ጊዜ ሰሜን ዘምቶ ታላቅ ወንድሙን አጠገቡ በአውሮፕላን ቦምብ ያጣ ሰው ነው። ስለዚያ ቀን አያወራም። ታዲያ ሰው ሁሉ ክንፏን፣ ጎማዋን ሲያደንቅ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከሆዷ ሥር ገባ። ቆየ። እኔ በሻሽ ተሸፍኜ እግሩን ብቻ አያለሁ።

ሲወጣ ፊቱ ሌላ ሆኗል። "ይህ የተደፈነው በር የምንድን ነው?" አለ።

ሚዜው በላቸው፣ ያ ቀባጣሪ፣ "የቡና ነው አባባ! ቡና የሚጫንበት!" ይላል።

"አንተን አልጠየቅሁም። ነጂዋን ጠይቁልኝ።"

ጌታቸው አስተረጎመ። ካፒቴኑ ረጅም፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ፈረንጅ ነው። መዋሸት ይችል ነበር እኮ! አልዋሸም። "የቦምብ በር ነበር፤ አሁን ተዘግቷል" አለ።

"ሆዷ ሲከፈት አይቻለሁ" አለ አባቴ። "ልጄን ከዚያ ሆድ ውስጥ አልከታትም።" አለና ጋቢውን ሰብስቦ ሣሩ ላይ ቁጭ!

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን! ያለ አባት ምርቃት የሚሄድ ሙሽራ የለም። ካፒቴኑ ደግሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ደመናው ከወረደ መነሳት የለም፣ ስለዚህ ቶሎ ካልሆነ አውሮፕላኗ ቡናዋን ጭና ጥላኝ ልትሄድ ነው። ጌታቸውም የሥራ ሰው ነው፣ አብሯት ይሄዳል። እኔ ተኩዬ፣ ተሞሽሬ፣ ሜዳ ላይ ልቀር! በሻሼ ውስጥ አለቀስኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋ "ዝም በይ፣ ኩልሽ ይፈሳል" ትለኛለች። ልጇ ልትቀር ነው፣ እሷ ኩል!

ታዲያ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ የአገሩ ሽማግሌ ተነሡ። እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስታረቁት ባለደም በእኛ አገር የለም። "እዚህ መካከል ደም አለ" አሉ። "ደም ካለ እርቅ ነው።"

"ከአውሮፕላን ጋር?" አለ በላቸው።

"ሌላ የቆመ በዳይ ታያለህ?"

እና ሽማግሌዎቹ ሄደው ክንፏ ጥላ ሥር ተቀመጡ! ዋርካ የለማ፤ ክንፍ አለ። አንዱ "ይቺ የጣልያን አይደለችም፣ የሌላ አገር ናት፤ ያንተን ወንድም አልገደለችም" አለው አባቴን። አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የማንን ወንድም ገደለች ታዲያ? ያም ወንድም አለው" አለ።

በኋላ ኦቦ ዲንሳ "እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትለምን" ሲሉ፣ አንዱ "ትከሻ የላትም" አለ፣ ሌላው "ክንፍ አላት" አለ፣ ሰው ሳቀ። "ነጂዋ ይሸከምላታ!" ተባለ፤ ተፈረደ።

ምስኪን ጌታቸው፣ ይህንን ለካፒቴኑ ሊያስተረጉም! ላቡ ኮቱን አልፎ ወጣ። "ጌታዬ፣ ድንጋይ አንገትዎ ላይ አድርገው፣ እኚያ ሰውዬ እግር ሥር..." ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየ፤ እነሱ አይስቁም። አባቴን አየ። ቆቡን አወለቀና አንድ ነገር ተናገረ፣ በቀስታ። ጌታቸው ፊቱ ተለዋወጠ፤ "በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ ያለችውን የምነዳ እኔው ነበርኩ፤ ድንጋዩ ይገባኛል፣ ይላል" አለን።

ሄዶ ምን የሚያህል ቋጥኝ አነሣ መሰላችሁ! ወፍጮ የሚያህል! እየተንገዳገደ መጣ። አባቴ ከተቀመጠበት ሆኖ "ኧረ ተው፣ ቀለል ያለ ያንሣ! ወገቡ ተቆርጦ ልጄን ማን ሊወስድልኝ ነው?" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔ "ልጄን ማን ሊወስድልኝ" የምትለዋን ስሰማ ልቤ ዘለለች። ሊልከኝ ነው!

እና ካፒቴኑ ትንሽ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ አባቴ ፊት ተንበረከከ። አባቴ "ስንት ሰው ገደልክ?" አለው።

"አላውቅም" አለ። "ከላይ ነበርኩ። አላየሁም።"

"እኔ ከታች ነበርኩ" አለ አባቴ። "እኔ አይቻለሁ።"

ያ ትልቅ ሰውዬ አለቀሰ፣ ልጆቼ። ድንጋዩን እንደተሸከመ አለቀሰ። አባቴም አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በሁለት እጁ ድንጋዩን አወረደለትና "ይቅር ለእግዜር፣ ተነሥ" አለው፣ ጉንጩን ሳመው። ወዲያው ወደ አውሮፕላኗ ዞሮ ቆርቆሮዋን መታ መታ አድርጎ "አንቺም ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሆድሽ ከእንግዲህ ሙሽራ ይሸከም፣ አራስ ይሸከም፣ ለቅሶ ደራሽ ያድርስ" ብሎ መረቃት። ከእኔ በፊት አውሮፕላኗ ተመረቀች እኮ! ከዚያ እኔን መረቀኝ።

አለቀ ብላችሁ ነው? አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ መሰላሉ! እናቴ "አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?" ስትል፣ "የታረቀ አብሮ ይበላል፤ ቤቷ ገብቼ ሳልበላ እርቁ አይጸናም" ይላል። ኧረ ሙሽራን አባቷ ተከትሎ የት ታይቶ! ነውር ነው! እሱ ወይ ፍንክች። ድፎ ዳቦ ታቅፎ ካፒቴኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ በሰማይ ላይ ዳቦ ቆርሶ ሲያጎርሰው፣ ካፒቴኑ በአንድ እጁ እየነዳ ይጎርሳል። እኛ ኋላ ተቀምጠን ነፍሳችን ወጣች። አዲስ አበባ ስንወርድ መጀመሪያ አባቴ ወረደ፤ የጌታቸው እናት ከሩቅ አይታ "ውይ! ልጅቱን ከልክለው ሊያስታውቁን መጡ!" ብላ እሪታውን አቀለጠችው። እኔ ብቅ ስል ደግሞ እዚያው ላይ እልልታ!

ያ ድንጋይ? ካፒቴኑ አባቴን ለምኖ ወሰደው። በኋላ ጎሬ በመጣ ቁጥር አውሮፕላኗ ቆማ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር የሚያስገባው እሱን ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ "ጥሩ፣ ሥራ አግኝቷል" አለ።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ሁሉ ለሚያስጎበኘን ፈረንጅ ነገርኩት፤ ሔለን ታስተረጉማለች። ሽማግሌ ነው፣ ቮለንቲር፣ በነጻ የሚያገለግል። በመጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እና "እኔም በወጣትነቴ፣ በሌላ ጦርነት፣ ከላይ ነበርኩ" አለ። እኔስ ምን ልበል? የበደለኝ ነገር የለ። ግን ሰው እንዲያ ሲሆን ዝም አይባልም፤ ትከሻውን ያዝ አድርጌ "ይቅር ለእግዜር" አልኩት። ሔለን እንዴት ብላ እንደተረጎመችው እንጃ። እጄን ይዞ ብዙ ቆየ።

ምንድን ነው፣ ሔለን? ምን አሳየሽኝ? መነጽሬን ስጪኝ።

"እማማ፣ የቅዳሜው ሰውዬ ቴክስት አደረገልኝ። ጀስት ናው። ፒክቸሩን እይው፤ የአውሮፕላኗ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጓል።"

እስቲ... ውይ! ውይ በሞትኩት! ይህንን የሚያህል ቋጥኝ ብቻውን ተሸከመው? በይ አሁኑኑ ጻፊለት፤ "እማማ ቀለል ያለ ያንሣ ብላለች" በይው።