ሙሳን አትቀስቅሱት

ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው ነርስ ስለ ባላቸው ይነግሩታል።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ አሉኝ። ሆስፒታል ተኝቷል።»

«የግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር?»

«ሲሻለው ተወው።»

«ትናንት አናግረውዎታል?»

«ኧረ ተቆጥቶኛል! ዛሬ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተኝቶ ያንኮራፋል አለኝ አጠገቡ ያለው ወንድሙ።»

«ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ?»

«የታመመ ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል እንዴ? ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።»

«እናቴ፣ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። ደሙ ጨምሮ ራሳቸውን ስተው ከሆነ፣ ከዕድሜያቸውም ከግፊቱም በላይ የሚያሰጋው እሱ ነው። ይደውሉና ያስቀስቅሷቸው።»

«እሱማ ድሮም ያንኮራፋል! ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ።»

«ግድ የለም፣ ይደውሉ።»

ደወሉ። ነርሱ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገላቸው።

«ቀስቅሰው» አሉ።

«አንቺው አይደለሽ አትንኩት ያልሽው?» አለ ወንድምየው።

«ቀስቅሰው አልኩህ!»

«ካልነቁ ቶሎ ሐኪም ይጥሩ» አለ ነርሱ።

«ሙሳ!» ሲል ተሰማ ወንድምየው። «ሙሳ! አንተ ሙሳ!»

እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በልቤ ሙሳ፣ ሙሳ አልኩ።