ስለ ኦቦ ሆርዶፋ ማጠንጠኛና ስለ ቢጫው ቀለበት የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ገቢሳ ዲንሳ
ዕድሜ፦ 74 (መታወቂያቸው 77 ይላል፤ ምስክሩ በመታወቂያው እንደማይስማሙ አስመዝግበዋል)
ሥራ፦ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና
አድራሻ፦ አምቦ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ቤርሳቤህ ንዋይ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። ትናንት እሑድም ሁለት ጊዜ እስከ በሩ መጥቼ ተመልሻለሁ። የበሩ ጥበቃ "አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?" ቢለኝ "ድፍረቴ" ብዬ ስቄበት ሄድኩ። የሳቅኩት ግን በጥርሴ ብቻ ነው።

የግል ተበዳይ ኦቦ ሆርዶፋ ቀነዓ ጡረታ የወጣ መምህርና የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ተጠርጣሪዋ ሃዋኒ በወንጪ ሐይቅ፣ እኛ ሐሮ ወንጪ በምንለው፣ ጎብኚዎችን በጀልባ የምታንሸራሽር ልጅ ናት። እሷን አላውቃትም፤ ሟቹን አያቷን ጅሩን ግን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ አንድ የውጭ አገር መምህር ከአምቦ ሲሄድ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ ትቶ ነበር። አንዱን ለሆርዶፋ፣ ሌላውን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለጅሩ ሰጠ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የሁለቱም እጀታ ሲሰበር ከበሬ ቀንድ ቀርጬ የተካሁላቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ የካቲት 9 ቀን ሃዋኒ ክር ልትገዛ የአያቷን ማጠንጠኛ ይዛ አምቦ ገበያ ወጣች። ሆርዶፋም የራሱ ከቤቱ ጠፍቶበት ነበርና እዚያው አገኛት። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። የቀንዱን እጀታ በጣቱ ዳስሶ "የእኔ ነው! ይህን ቀንድ ብቀበር አልስተውም!" ብሎ ጮኸ። ልጅቷ የአያቴ ነው ብትል የሰማት የለም፤ ተይዛ ሁለት ሌሊት አደረች።

ቃሌን የሚቀበሉት መርማሪ "ኦቦ ገቢሳ፣ እጀታቸው አንድ ከሆነ በምን ይለያሉ?" ብለው ጠየቁኝ። በሆዳቸው ይለያሉ አልኩ። ዓሣው ሲጎትት ክሩን የሚይዝ ፍሬን በውስጣቸው አለ። የጅሩን ፍሬን ከአሮጌ ጫማ ቆዳ በቆረጥኩት ቀለበት ጠግኜዋለሁ። በዳሩ ላይ ሦስት የምስማር ቀዳዳ አለበት። የሆርዶፋ ግን ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ቆዳ አልነበረውም። ያን ጊዜ ሊጸዳ ሲመጣልኝ ቆዳውን አውጥቼ ከቢጫ ጄሪካን የተቆረጠ ቀለበት አስገባሁበት። ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ትንሹን ዓሣ ይይዛል፤ ትልቁ ሲመጣ ክሩን ይለቃል።

ይህን ያደረግሁት ለቀልድ ነው። ሆርዶፋ ያን ሰሞን ከጉደር ወንዝ አንድ ትልቅ ዓሣ አውጥቶ ወሬው ከዓሣው ረዝሞ ነበር። ለአንድ ሳምንት ላሳጥረው ብዬ ነው። ሳምንቱ ጣፈጠኝና ወር ሆነ፤ ዓመት ሲሆን መናገር አፈርኩ። እነሆ ዘጠኝ ዓመት።

ባለፈው ወር ሆርዶፋ "ገቢሳ፣ ጉደር ጠልቶኛል። ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ትልቅ ባወጣ ምን ነበረበት!" አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ቀለበት የሚሆን ቆዳ ፈለግሁ። ሐሙስ የካቲት 7 ቀን እሱ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ጠብቄ፣ ቁልፉን የሚያስቀምጥበትን ስለማውቅ ከፍቼ ገባሁና ማጠንጠኛውን ወሰድኩ። አዲስ ቆዳ ዘይት ውስጥ ነክሬ ልቀይርለትና ሳያውቅ ልመልስ ነበር። አርብ መጥቶ "ማጠንጠኛዬን አላየህም?" ሲለኝ "ዓሦቹ ተሰብስበው ሰርቀውህ ይሆናል" አልኩት። ልጅ የምታስር ቀልድ መሆኗን አላወቅሁም።

የሆርዶፋን ማጠንጠኛና ቢጫውን ቀለበት ለመርማሪዋ አስረክቤያለሁ። ከዚያም ሆርዶፋና ሃዋኒ ባሉበት፣ በኤግዚቢት የተያዘውን የሃዋኒን በራሴ መፍቻ ፈታሁት። የጫማው ቆዳ ከሦስት ቀዳዳው ጋር ተገኘ። ሃዋኒ አየችኝና "አካኮ፣ አያቴ፣ ቅዳሜስ የት ነበሩ?" አለችኝ። መፍቻዬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ሆርዶፋ ቢጫውን ቀለበት በጣቱ ሲያሽ ቆየና "በፋሲካ ማግስት፣ ድልድዩ ሥር ያመለጠኝ ዓሣም በዚህ ነው?" አለ። አዎ አልኩ። "ልጄ ከጅማ መጥቶ አብሮኝ ቆሞ ያየውስ?" እሱም አልኩ። ወደ ልጅቷ ዞሮ "ዲፋማ፣ ኢንተላ ኮ፤ ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አላት፤ አቤቱታውንም አንስቶ፣ መስመሩ አልታይ ስላለው በአውራ ጣቱ ፈረመ። ሃዋኒ ዛሬውኑ እንደምትለቀቅ መርማሪዋ ነግረውኛል። ያለ ፈቃድ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ መውሰድ እንደሚያስጠይቀኝም ነግረውኛል፤ አልተከራከርኩም።

የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ፦ ሆርዶፋ ከወጣ አንድ ሰዓት አልፎታል። ይዞት የመጣው ባጃጅ ባዶውን ሲሄድ በመስኮት አይቻለሁ። እሱ ግን አልሄደም፤ በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ ከዘራውን መሬት ላይ ይወጋል። ሊመታኝ ይሁን አብሮኝ ሊሄድ አላውቅም። በሁለቱም ቢሆን አላስጠብቀውምና ቶሎ ፈርሜ እንድወጣ እለምናለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ለማሳቅ ብዬ የጨመርኩት፣ ለማምለጥ ብዬ የቀነስኩት የለም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገቢሳ ዲንሳ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ቤርሳቤህ ንዋይ