ለነፍሱ የተሰጠ ላፕቶፕ

ታክሲያችን ከሽሮ ሜዳ ሲነሳ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አጠገቧ ላለው ጓደኛዋ ስልኳን አቀበለችው።

«ወንድሜ የሠራው የታክሲ ጌም አሁን ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።»

«ላፕቶፑስ?»

«ከአርባው በኋላ እማዬ ልብሱን ለነዳያን ስትሰጥ፣ እሱንም ለነፍሱ ይሁን ብላ ለሰንበት ተማሪዎች ሰጠችው።»

«ታዲያ አትጠይቂያቸውም?»

«ጠየቅኳቸው እንጂ! ፎርማት አድርገው መዝሙር ጭነውበታል። ‹አትስጊ፣ ንጹህ አድርገነዋል› አሉኝ።»

«እናትሽስ ምን አለች?»

«‹ጨዋታ አይደል እንዴ?› አለችኝ። ሦስት ዓመት የለፋበትን! ጨዋታ!»

ልጁ ስልኩን ነካካ።

«እ... ኮዱን ከዚህ መልሶ ማውጣት ይቻላል። ግን እሱ እንደጻፈው ሆኖ አይመጣም።»

«ማለት?»

«ለእያንዳንዱ የኮዱ ክፍል ያወጣቸው ስሞች በሙሉ ጠፍተው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሆነው ነው የምታገኚያቸው። በኮዱ መሀል ለራሱ የጻፈው ማስታወሻማ ጭራሽ አይኖርም።»

«እኔ እኮ የፈለግኩት እሱን ነበር። የጻፈውን።»

«በቃ፣ የለም። ድምፆቹ ግን እንዳሉ ይወጣሉ። የጌሙ ረዳት የማን ድምፅ ነው?»

«የራሱ።»

ልጁ ስልኩን ሲነካው አንድ የጎረምሳ ድምፅ ታክሲውን ሞላው።

«ወራጅ አለ!»

ሹፌራችን ዳር ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፈተ።

«ማነው ወራጅ?»

«ወርዷል» አለችው ልጅቷ። «ዝጋው።»

የእኔ መውረጃ ስድስት ኪሎ ነበር፤ ፒያሳ እስክንደርስ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።