ከበቆሎው መሃል የተነቀለው ለውዝ

ባለፈው ክረምት ዳንግላ አጠገብ ባለችው ማሳዬ በበቆሎው መሃል ለውዝ ዘርቼ ነበር። ታምሜ ስተኛ ጎረቤቴ አያ ዘለቀ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ማንም ሳይጠራቸው በቆሎዬን ሲያርሙልኝ ዋሉ። ለውዝን ተቆልቶ እንጂ በማሳ አይተውት አያውቁም። ከነቀሉት አንድ እቅፍ ለላሜ ይዘው ገቡና፣ «አረም ውጦት ነበር ልጄ፤ አጸዳሁልህ» አሉኝ። ቅጠሉን ሳየው ለውዜ ነው። እንዳላሳፍራቸው ብዬ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ባለቤቴ ግን ማለዳ ነገረቻቸው። እንደምንም ተነስቼ ወደ ማሳው ብሄድ ተንበርክከው የጠወለገውን መልሰው ይተክላሉ።

«አያ ዘለቀ፣ ይተዉት፤ ደርቋል» አልኳቸው።

«ትናንትና ብትነግረኝ እኮ ሳይደርቅ እመልሰው ነበር» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ለውዙስ ለከርሞ ይዘራል። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ማሳዬን ዳር ዳሩን ነው የሚያልፉት።